የቤተ ሰብ ምክር፤ ለብዙ ሥራና ለጨዋታ የሚበቃ ኮምፒዩተር በተመጠነ ዋጋ ስለ መግዛት

አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው ተርተዋል። ይህ ቃል ለሰው ልጅ እውነት ነው። በዛሬው ዘመን ግን አንድ ቤተ ሰብ ኮምፒዩተር ለመግዛት ገበያ በወጣ ጊዜ የሚመኘው፤ ሁለት ብቻ ሳይሆን አምስትና ስድስት ዛፍ ባንድ ጊዜ የሚወጣ መሣሪያ ነው። አባት ደብዳቤ ሊጽፍበት፤ እናት የእድር ሒሳብ ልትይዝበት፤ ሴት ልጅ ትምህርቷን ልታጠናበት፤ ወንድ ልጅ ኳስ ሊጫወትበት ያስባል። ገንዘቡ ግን አንድ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። እንግዲህ በጥቂት ገንዘብ ለዚህ ሁሉ የሚበቃውን መሣሪያ እንደ ምን አድርጎ መምረጥ ይቻላል? የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነገር ነው።

ምክሩ ባዶ ቃል እንዳይሆን በቤተ ሰቤ የሆነውን ላስቀድም። እኅቴ በስማዳ ወረዳ በወገዳ ከተማ ባል አግብታ ትኖራለች። ባለቤቷ ከስምንት ዓመት በፊት በጓሮው የተከለውን ባሕር ዛፍ በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ቈርጦ ሸጠና ገንዘቡን ከደብዳቤ ጋራ ላከልኝ። ደብዳቤውም እንዲህ የሚል ነበረ።

«ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ፤ እንደ ምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህ የላክሁልዎ ገንዘብ የዛፉ ዋጋ ነው። ዛፉ ዳግመኛ አቈጥቍጦ ለመቈረጥ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃልና እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ገንዘብ በእጄ አይገባም። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል፤ እኔም ማመልከቻና ውል እየጻፍሁ ጥቂት ገንዘብ ለማግኘት አስቤአለሁ። ለሁለታችን የሚሆን አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይግዙልን። ልጁ ስለ ጨዋታ ቢያስቸግርዎ አይስሙት።»

ደብዳቤውን ገልብጬ ባየሁ ጊዜ ግን ከበስተጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ሌላ ቃል አገኘሁ። «አጎቴ፤ ጨዋታም የሚችል ይሁን። እባክዎ» ይላል።

ይህን ገንዘብ ተቀብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት በሦስት ዓመት ለራሴ ቤት ስገዛ ተሞኝቼ ነበርና ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ነጋዴ ጎኑ መስተዋት የሆነ፤ በውስጡም ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚበራበት ሣጥን አሳየኝና «ኮር አይ7 ነው፤ ለጨዋታ የተሠራ ነው» አለኝ። እኔም በመብራቱ ተደንቄ ከፈልሁ። ቤቴ ከገባ በኋላ ግን ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ በከፈትሁ ቍጥር ጭነት እንደ በዛበት አህያ ይቆም ነበር። በመጨረሻ አንድ ዐዋቂ ሣጥኑን ከፍቶ መረመረልኝ። አይ7 መባሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን አይ7-2600 የሚባለው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አሮጌ ነበረ። ራሙም 4 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን ገንዘብ የከፈልሁት ለመስተዋቱና ለመብራቱ ነበረ። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ ሲራመድ ይመለከታል። እኔ ግን ጥርሱን ሳላይ በቀንዱ ውበት ገዛሁ ማለት ነው።

ስለዚህ በእኅቴ ባል ገንዘብ ይህን ስሕተት እንዳልደግም ነገሩን ከሥሩ ለመማር ተነሣሁ። የተማርሁትንም ለማስረዳት ከሥራዬ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በፍርድ ቤት የሚሠራውን አንድ ጸሓፊ እናስብ። ጸሓፊው ፕሮሰሰር የሚባለው ነው፤ የሚያነበው፤ የሚያሰላው፤ የሚጽፈው እርሱ ነው። በፊቱ ያለው ጠረጴዛ ራም የሚባለው ነው። መዝገቦች ሁሉ ተደርድረው የሚቀመጡበት መዝገብ ቤት ደግሞ ዲስክ የሚባለው ነው። አሁን ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ሦስት መዝገብ ባንድ ጊዜ ሊዘረጋበት አይቻልም። አንዱን ለማምጣት ሌላውን መመለስ ግድ ይሆናል፤ ቀኑም በመመላለስ ያልቃል። ባለጉዳዩ ጸሓፊውን ሰነፍ ይለዋል፤ ነገር ግን ጸሓፊው ሰነፍ አይደለም፤ ጠረጴዛው ጠበበበት እንጂ። ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ሲከፈትበት የሚዘገይ ኮምፒዩተር ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ጸሓፊውን ለመለወጥ ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

መዝገብ ቤቱም ሩቅና ቅርብ አለው። ሃርድ ዲስክ የሚባለው የሚሽከረከረው አሮጌ ዓይነት በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያህል ያቀብላል። ኤስኤስዲ የሚባለው፤ የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ግን፤ ተራው እንኳ 500 ሜጋባይት ያህል ያቀብላል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ይህም መዝገብ ቤቱን ከሌላ ግቢ አምጥቶ ከወንበር ጀርባ እንደ ማድረግ ነው።

ጨዋታ በሆነ ጊዜ ደግሞ አራተኛ ሰው ይጨመራል፤ እርሱም ሠዓሊው ነው። ኳስ ተጫዋቹ በመስኮቱ ላይ ሲሮጥ የምናየው በያንዳንዱ ሴኮንድ 30 ወይም 60 ሥዕል እየተሣለ ነውና። ይህን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ አብሮ የተሠራ ትንሽ ሠዓሊ ያለበት መሣሪያ ብዙ ነው፤ ለደብዳቤና ለትምህርት ይበቃል፤ ለአዲሶቹ ከባድ ጨዋታዎች ግን አይበቃም። እንግዲህ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ለመሥራት ጠረጴዛው፤ ለጨዋታ ሠዓሊው እንደሚያስፈልግ ያወቀ ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያኖር ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ገበያ ስንወጣ የምንመረምረውን በተራ እንናገር።

1ኛ፤ ዕድሜውን ማወቅ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ዕድሜ በቍጥሩ ተጽፎአል። አይ5-8500 የሚለውን ስናይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ስምንተኛ ትውልድ ማለት ነው፤ ቍጥሩ ባለ አምስት አሐዝ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሐዞች ትውልዱን ያመለክታሉ። አይ7 መባሉ ብቻ ከአይ5 አያስበልጥም፤ የእኔ አይ7-2600 ሁለተኛ ትውልድ ነበረና። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከሠሪው ኩባንያ ይሰጠው የነበረው መደበኛ ጥበቃ አብቅቶአል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሕጉ መሠረት ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች የሆኑትን፤ ከጥቂቶች በቀር፤ አይቀበልም። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ስምንተኛውን ትውልድ እንደ ወሰን ይያዝ። ከዚያ በታች ያለው በርካሽ ቢቀርብለትም ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ያስተውል።

2ኛ፤ ጠረጴዛውን መለካት ነው። ዛሬ 8 ጊጋባይት ራም መነሻ ነው፤ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ ለሚሠራና ለሚጫወት ቤት ግን 16 ጊጋባይት ይገባል። ይህም አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይሻላል፤ ሁለት ሆኖ የተተከለ ራም በሁለት መንገድ ስለሚያቀብል፤ ይልቁንም አብሮ የተሠራው ሠዓሊ በሚሠራበት ጊዜ ጥቅሙ ይታያል። ባዶ የራም ቦታ መኖሩንም መጠየቅ ይገባል፤ ነገ የሚጨመርበት ነውና። በ2018 ዓ.ም. የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ስለ ወጣ፤ በውስጡ በቂ ራም ያለበትን መሣሪያ መግዛት፤ በኋላ እጨምራለሁ ከማለት ሊረክስ እንደሚችል ዋጋውን አስተያይቶ መወሰን ነው።

3ኛ፤ ኤስኤስዲ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። 256 ጊጋባይት ለሥራ ብቻ ይበቃል፤ ጨዋታ ላለበት ግን 512 ይሻላል። ካለፉት ዓመታት ጨዋታዎች አንዳንዱ ብቻውን 100 ጊጋባይት ያህል ይይዛልና። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። መጽሐፉንም ጨዋታውንም በሣጥኑ ውስጥ ያኖረ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራው አይቋረጥበትም።

4ኛ፤ ሣጥኑ የሚያድግ መሆኑን ማየት ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፤ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፤ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት በመሥሪያ ቤቶች አገልግለው ወደ ገበያ የሚመጡ፤ ጠንካራ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን አንዱ ስም ትልቅም ትንሽም ሣጥን አለው። እንደ መጽሐፍ የቀጠነው ለዓይን ያምራል፤ ግራፊክስ ካርድ ግን አይገባበትም። መካከለኛው አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል። ቁመት ያለው ትልቁ ሣጥን ሙሉ ካርድ ይቀበላል። ኃይል ሰጪው፤ ማለት ፓወር ሰፕላዩ፤ በነዚህ የቢሮ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ስለሆነና መሰኪያውም ልዩ ስለሆነ በሌላ ለመተካት ያስቸግራል። ስለዚህ የሚጨመረው ካርድ ተጨማሪ የኃይል ሽቦ የማይፈልግ፤ ከ75 ዋት የማይበልጥ መሆን ይገባዋል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከጂቲኤክስ 1650 ግን ሽቦ የሚፈልግም የማይፈልግም አለና ሳያዩ አይገዙ። አዲስ ለመግዛት ዐቅም ላለው ደግሞ እንደ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ያለው፤ ሠዓሊው አብሮ የተሠራበት ፕሮሰሰር፤ ካርድ ሳይገዙ ቀለል ያለ ጨዋታ ያጫውታል።

5ኛ፤ ሳይሞክሩ አለመክፈል ነው። በሱቁ ውስጥ ከርስዎ ፊት ያስነሡት። ኮንትሮል፤ ሺፍትና ኢኤስሲ የተባሉትን ሦስት መጫኛዎች ባንድነት ሲጫኑ የሚከፈተው መስኮት የፕሮሰሰሩን ስም፤ የራሙን ልክና የተያዘውን ቦታ ሁሉ ይናገራል። ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ነገር ባንድ ጊዜ ከፍተው ይመልከቱ። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ በአሮጌ ካርድ ላይ የአዲስ ካርድ ስም ጽፈው የሚሸጡ አሉና፤ ጂፒዩ-ዜድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ለመግለጥ ይረዳል። በሣጥኑ ጀርባ 115ና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ያለ እንደ ሆነ በ230 ላይ መሆኑን ይዩ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ በ115 ላይ ሳለ የተሰካ ዕቃ ይቃጠላል።

ስለ ዋጋው ቍርጥ ያለ ቍጥር አልጽፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ እንደ ቀድሞው አይያዝም። ስለዚህ ገንዘቡን በአሥር ከፍሎ ማሰብ ይሻላል። እኔ ስድስቱን እጅ ለሣጥኑ ከራሙና ከኤስኤስዲው ጋራ፤ ሁለቱን እጅ ለመስኮቱ፤ ለኪቦርዱና ለማውሱ መደብሁ።

የቀሩት ሁለት እጆች ግን አስጨነቁኝ። በባሕር ዳር ገበያ የቢሮ አገልግሎት የፈጸመ ባለ አይ5-8500፤ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ትልቅ ሣጥን መርጬ ከፍዬ ነበር። በተረፈው ገንዘብ ወይ ግራፊክስ ካርድ፤ ወይ መብራት ሲጠፋ የሚይዘውን ዩፒኤስ መግዛት ይቻላል፤ ሁለቱን ግን አይቻልም። የልጁ የእርሳስ ጽሕፈት በኪሴ ነበረ። የእጅ ኮምፒዩተር ባትሪ አለው፤ የጠረጴዛው ግን መብራት ባፍታ ቢጠፋ ወዲያው ይወድቃል፤ የተጻፈውም ሳይቀመጥ ይቀራል። እንደ ወገዳ ባለ ከተማ መብራት በሄደና በተመለሰ ቍጥር፤ ይልቁንም በክረምት መብረቅ፤ ዕቃ የሚጐዳው ብዙ ነው። እኔም የስምንት ዓመት ዛፍ ባንድ ሌሊት ነጐድጓድ እንዳይቃጠል ዩፒኤሱን ገዛሁ። በላዩ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈው በእውነተኛ ኃይል ከ360 እስከ 390 ዋት ያህል ነው፤ ሥራን አስቀምጦ በሰላም ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል እንጂ ለማምሸት አይሆንም።

ዕቃውን ይዤ ወገዳ በደረስሁ ጊዜ ልጁ ሣጥኑን ከፍቶ ካየ በኋላ ምንም አልተናገረም። እኔም አጠገቤ አስቀምጬ፤ ከማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ባዶ ረጅም መሰኪያ በጣቴ አሳየሁትና «ይህ ቦታ ያንተ ነው፤ ሠዓሊው የሚቀመጥበት ነው፤ ባዶውን የተውሁልህ ረስቼህ አይደለም» አልሁት። እስከዚያው ድረስ አብሮ የተሠራው ትንሽ ሠዓሊ በ2005 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተር የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስንና ፔስ 2017 የሚባለውን የኳስ ጨዋታ፤ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ፤ አጫወተው።

አባቱ ግን «ጨዋታ ሥራ ያስፈታል» ብሎ ተቈጥቶ ነበር። እኔም እንዲህ አልሁት። ጨዋታ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ገበጣ ከእረኛ ጋራ ኖሮአል፤ ሰንጠረዥ ከመኳንንት ጋራ ኖሮአል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደ ነበሩ ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት ጽፎአል። የሚያስፈልገው ጨዋታን ማባረር ሳይሆን ሰዓት መመደብ ነው። ልጁ በቤቱ፤ በእናቱ ፊት፤ በተወሰነ ሰዓት ቢጫወት፤ በጌም ቤት ገንዘብ እየከፈለ ከሚያመሽ ይሻላል። ደግሞም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሉ በኮምፒዩተር መፈተን ስለ ጀመሩ፤ ማውስ ይዞ የማያውቅ እጅ በፈተና ቀን እንዳይንቀጠቀጥ፤ በጨዋታም ቢሆን መልመዱ ይጠቅማል። አባቱም አስቦ ፈቀደ፤ በሥራ ቀን ጥናት ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተብሎ ተወሰነ።

በሐምሌ ወር አንድ ማታ መብረቅ ወድቆ መብራቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ተቃጠለ፤ የእኅቴ ቤት ኮምፒዩተር ግን ዳነ፤ አባትየውም በዚያ ሰዓት ይጽፈው የነበረው የመሬት ኪራይ ውል አልጠፋም። ልጁ በዚያ ሌሊት ዩፒኤሱ ሲጮህ ሰምቶ፤ «አጎቴ የገዛው ይህን ነው?» ብሎ እናቱን ጠየቀ አሉኝ።

ከዚህ በኋላ አባትየው ከማመልከቻና ከውል ጽሕፈት ካገኘው ገንዘብ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ፤ በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ያገለገለ ባለ 75 ዋት ካርድ ገዛለት። ከመግዛታቸውም በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቅኋቸው፤ አዲሶቹ ካርዶች የአሮጌውን መስኮት መሰኪያ፤ ቪጂኤ የሚባለውን፤ ብዙ ጊዜ ስለማይቀበሉ፤ መስኮቱ ኤችዲኤምአይ ያለው መሆኑን ማየት ይገባል። ካርዱን የተከለው ልጁ ራሱ ነው፤ እኔ በስልክ እየነገርሁት። አንዲት ብሎን ተርፋው ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ከፈተ። አሁን በየሦስት ወሩ መብራቱን ነቅሎ፤ ማራገቢያውን በጣቱ ይዞ፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ የሚጠርገው እርሱ ነው። እንደ ነፋስ መውጫና እንደ ስማዳ በበጋ አቧራ በሚበዛበት አገር፤ ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማኖርና እንዲህ መጥረግ ዕድሜውን ያረዝማል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ነገር አንባቢ የሚይዘው አንድ ፍሬ አለ። ዋጋው የተመቸ ኮምፒዩተር ማለት በተገዛበት ቀን ሁሉን የሚችል ማለት አይደለም፤ ዛሬ የሚያስፈልገውን ሥራ በደኅና እየሠራ፤ ለነገው ባዶ ቦታ ያለው ማለት ነው። ጠረጴዛውን ሰፊ፤ መዝገብ ቤቱን ቅርብ፤ መብራቱን የታመነ አድርጋችሁ ከገዛችሁ፤ ሠዓሊውን የሚመጣው ዓመት ያመጣዋል። ሠዓሊውን አስቀድማችሁ መሠረቱን የተዋችሁ እንደ ሆነ ግን የምትገዙት፤ እኔ እንደ ገዛሁት፤ በመስተዋት ውስጥ የሚበራ መብራት ነው።

የቤታችሁን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፤ ደብዳቤውን ገልብጣችሁ የታናሹንም ልጅ ጽሕፈት አንብቡ፤ ከዚያም ጥርሱን አይታችሁ ግዙ።